አረንጓዴውን ገፍቼ የቀዳሁት ውኃ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በዚህ ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ነው፤ መነሻው ግን አምና ግንቦት ላይ ነው። የምጽፈው ስለ አንድ ጠርሙስ ውኃ ነው። ውኃውን ስቀዳ ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን በዚያ ጠርሙስ ምክንያት በጣም የምወዳትን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ላጣት ጥቂት ስለቀረኝ ነው።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቤታችን ሩቅ አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ፣ ሐይቁ ዳር ነው። አባቴ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ያደግሁት በሁለት ሴቶች እጅ ነው፤ በእናቴና በታላቅ እህቷ። አክስቴን በቤት ውስጥ «እታበባ» ነው የምንላት። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። እኔ ከተወለድሁ ጀምሮ ከእኛ ጋር ነበረች።

እታበባ አረቄ ታወጣለች። ማንበብ አትችልም። ግን ጌሾ ስትወቅጥ አጠገቧ ታስቀምጠኝና ደብተሬን ጮክ ብዬ እንዳነብላት ታዘኛለች። ያልገባት ቦታ ስንደርስ «ድገሚው» ትላለች። እደግመዋለሁ። ስደግመው ለኔም ይገባኛል። አንድ ቀን ስለ ሴል ክፍሎች ሳነብላት ሳልጨርስ ሥራ ጠራኝና ተውሁት። በነጋታው ገና ፊቴን ሳልታጠብ መጣች።

«ያ ኃይል ሰጭ ነው ያልሽውስ?» አለችኝ። «ትናንት ጀምረሽ ትተሽዋል። ምን ሆነ እሱ?»

ስለ ጎረቤት ሰው የምትጠይቅ ነው የሚመስለው። እናቴ ሰምታ በሳቅ ሞተች።

«አንቺ ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ ልትፈተኚ ነው?» አለቻት።

«እሷ ስታልፍ እኮ ግማሹን ያለፍሁት እኔ ነኝ» አለች እታበባ።

አንዲት የምትታለብ ላም ነበረችን። ዳልቻ እንላታለን። የእናቴ ናት። ጠዋት ጠዋት እታበባ ከጥንስሱ የተረፈውን አተላ ትሰጣታለች። ውኃ ማጠጣት የኔ ሥራ ነበር። እናቴ ከጉድጓዱ እንጂ ከሐይቁ እንዳላጠጣት ደጋግማ አስጠንቅቃኛለች፤ አልቅት ይይዛታል ብላ ነው። ጉድጓዱ ሽቅብ ነው፤ ሐይቁ ግን ከአጥራችን ቁልቁል እዚያው ነው።

አምና ግንቦት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እየደረሰ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ደብተሬን ይዤ ዳልቻን ቁልቁል ነዳኋት። ወደ ጉድጓዱ ብሄድ ውኃ እየሳብሁ ማንበብ አልችልም። ሐይቁ ዳር ከሆነ ግን እሷ ትጠጣለች፣ እኔ አነባለሁ። ያን ሰሞን በእኛ በኩል ውኃው ወደ መሬቱ ገባ የሚልበት ጥግ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስል ነበር። ሙቀት ነው፤ ነፋስ የለም። ዳልቻ ጠጣች፣ እኔም አንድ ምዕራፍ ጨረስሁ፣ ተመለስን። ከሐይቁ እንዳጠጣኋት ለማንም አልተናገርሁም። ቁጣ ፈርቼ ነው እንጂ ሌላ ያሰብሁት ነገር አልነበረም። እኔ መቆጣት የማልወድ፣ የታዘዝሁትን አድርጌ «ጎሽ» መባል የምወድ ልጅ ነኝ።

እታበባ እንደ ልማዷ አተላውን ሰጠቻት። ረፋድ ላይ ዳልቻ መንቀጥቀጥ ጀመረች። እግሯ አልጸና አላት። በጉልበቷ ወደቀች፣ ከዚያ በጎኗ። ቀትር ሳይሆን ሞተች።

እናቴ ላሟ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«አተላሽ ነው የገደላት። ምን ጨመርሽበት?» አለች።

«እኔ? ምን እጨምርበታለሁ እህቴ? የዘወትሩ አተላ ነው» አለች እታበባ።

«የኔን ማየት አቃተሽ። ልጅ የለሽ፣ ከብት የለሽ፤ የኔን ስታዪ ዓይንሽ ቀላ።»

እታበባ «ይሁን» ብቻ አለች። በአራተኛው ቀን ልብሷን በአንድ ማዳበሪያ ጠቅልላ፣ ከባሕር ዳር ጀልባ ተሳፍራ፣ የሟች ባሏ ዘመዶች ወዳሉበት ወደ ጎርጎራ ሄደች። ሐይቁን ተሻግራ ማዶ ማለት ነው። እኔ ትምህርት ቤት ነበርሁ። ስመለስ ፍራሿ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

እናቴ «ደውለሽላት ከሰማሁ ልጄ አይደለሽም» አለችኝ። አልደወልሁም። እታበባም አልደወለችም። ውጤቴ የመጣ ቀን መጀመሪያ ልነግራት የፈለግሁት እታበባን ነበር። ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሯን ፈልጌ አገኘሁት። ትንሽ አየሁትና መልሼ ኪሴ ከተትሁት። እንደዚያ ያደረግሁበትን ቀን ብቆጥር ብዙ ነው። ግቢ ከገባሁ በኋላም ካፌ ተሰልፌ፣ ክፍል ውስጥ፣ በረንዳ ላይ፣ ቁጥሩን እያወጣሁ አየዋለሁ።

በመጋቢት መጨረሻ አንዲት የሥነ ሕይወት ተመራማሪ በእንግድነት ወደ ግቢያችን መጡ። ዶክተር ዘሃራ ይባላሉ። የወረታ ነጋዴ ልጅ ናቸው። ለብዙ ዓመት በውጭ አገር በባሕር ውስጥ ስለሚገኝ መርዝ ሲያጠኑ ቆይተዋል። በኋላ ደግሞ ወደ ምድር ዋልታ እየተመላለሱ፣ በበረዶ መካከል ስለሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይመራመራሉ። ወደ ጣና የመጡት ለሦስት ሳምንት ነው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እኔ ፊት ተቀምጬ የሚሉትን ሁሉ እጽፋለሁ። የበረዶውን ሥዕል ሲያሳዩ ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ዶክተር፣ እዚያ ምን ይበላል?»

«በጣሳ የታሸገ ነገር» አሉ።

«ሽሮስ?»

«ሽሮ ይዤ ሄጄ ነበር። ባልደረቦቼ በሳምንት ጨረሱብኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ግን ድምፃቸው ዝግ አለ።

«እዚያ የሚናፍቀኝ ምግብ አይደለም፤ ሽታ ነው» አሉ። «በረዶ ላይ ምንም ነገር አይሸትም። አፈሩ አይሸትም፣ ውኃው አይሸትም። አንዳንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ የሐይቅ ዳር ጭቃ ሽታ ለማስታወስ እሞክራለሁ። አይመጣልኝም። ሽታን እንደ ሥዕል ማስታወስ አይቻልም።»

ይህን ደብተሬ ላይ ጻፍሁት። ለፈተና እንደማይመጣ አውቃለሁ።

ከዚያ ወደ ትምህርቱ ገቡ። በባሕር ውስጥ አንዳንድ ጥቃቅን አልጌዎች መርዝ ይሠራሉ። ዛጎል ያላቸው እንስሳት ይመገቧቸዋል። እነዚያን እንስሳት የበላ ሰው ከንፈሩ ይደነዝዛል፤ ሲብስ መተንፈስ ያቅተዋል። በዋልታው ደግሞ በበጋ ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚቀልጡ ኩሬዎች አሉ። ከታች ወለላቸው ላይ እንደ ቁርበት የተነጠፈ አረንጓዴና ጥቁር ነገር ይገኛል። ዓመቱን ደርቆና ረግቶ ይከርማል፤ ውኃ ሲነካው ይነቃል። ከዚያም ውስጥ መርዝ አግኝተዋል።

«ግን ሩቅ አትሂዱ» አሉ። «የእነዚህ ዘመዶች ጣና ላይ አሉ። ውኃው ሲሞቅና ነፋስ ሲጠፋ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ሆኖ ይጠራቀማል። ሁልጊዜ አይመርዝም። በመረዘ ጊዜ ግን ከዚያ የጠጣ ከብት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል፣ ይሞታል።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠብቄ ወደ እሳቸው ሄድሁ። ስለ ዳልቻ ነገርኋቸው። በጥንቃቄ ጠየቁኝ፦ በስንት ሰዓት ጠጣች፣ በስንት ሰዓት ወደቀች፣ አፏ አረፋ ነበረው ወይ፣ ሌላስ ምን በላች። የማውቀውን መለስሁ፤ ሐይቁ ዳር እንዴት ደረሰች ሲሉኝ ግን «ሾልካ ይሆናል» አልሁ።

«ያ ጥግ አሁንስ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ሰሞኑን ደግሞ አረንጓዴ ሆኗል። እናቴ ሸተተኝ ብላለች።»

ከቦርሳቸው አንድ ንጹሕ ጠርሙስና ጓንት አውጥተው ሰጡኝ። «አረንጓዴው ካለበት ቦታ ቅጂና አምጭልኝ። በጓንት ያዢው» አሉ።

ቅዳሜ ቤት ሄድሁ። ለእናቴ ሁሉንም ነገርኋት። አይ፣ ሁሉንም አይደለም። «ዳልቻ ከሐይቁ ጠጥታ ሊሆን ይችላል» አልኋት።

«አንቺ ከጉድጓዱ አይደል የምታጠጫት?»

«አንዳንዴ ትሾልክ ነበር» አልሁ። ዋሸሁ።

እናቴ ጠርሙሱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «እሺ፣ ይታይ። መርዝ ከተገኘበት እህቴን የበደልኋት እኔ ነኝ። ካልተገኘ ግን ስሟን እዚህ ቤት ዳግመኛ እንዳታነሺ። ወር ሙሉ፣ ዓመት ሙሉ እሷን እሷን ስትይ ከርመሻል፤ ባትናገሪም ይታየኛል።»

እሺ አልሁ። ወደ ጥጉ ወረድሁ። ጓንቱን አጥልቄ ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁት። ቁጢጥ አልሁ። አረንጓዴው ውኃው ላይ እንደ ወፍራም አጥሚት ተኝቷል። በእጄ ጀርባ ገፋ ገፋ አድርጌ ክብ ከፈትሁ። ከሥር ያለውን፣ ጥርት ያለውን፣ አንድም ጉድፍ ሳይገባ እስከ አፉ ሞላሁ። ከዚያ በቀሚሴ ጠርጌ ዘጋሁት። ለሰው የሚሰጥ ውኃ እንዲህ ነው የሚቀዳው። ከልጅነቴ ጀምሮ በእንስራም በጀሪካንም የቀዳሁት እንዲህ ነው። ዶክተር ዘሃራ ደግሞ እንግዳ ናቸው።

ሰኞ ሲመረመር አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት ውኃው ውስጥ ነከሩ። «ሁለት መስመር ከወጣ መርዝ የለም፤ አንድ ብቻ ከሆነ አለ» አሉኝ። አንዱ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛውም ወጣ፤ ደማቅ ሆኖ።

«ይህ ውኃ ደህና ነው» አሉ።

እናቴ በዚያው ቀን ደወለች። «ምን ተገኘ?»

«ምንም አልተገኘም።»

«አላልሁሽም?» አለችና ዘጋችው። ድምፅዋ የደስታ አልነበረም። እሷም ሌላ መልስ ስትጠብቅ እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሁለት ቀን ምግብ አልበላልሽ አለኝ። ክፍል እገባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ የጻፍሁትን አላውቀውም። በሦስተኛው ቀን ዶክተር ዘሃራ አስጠሩኝ። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ይዘውታል።

«እስኪ ንገሪኝ» አሉ። «አረንጓዴ ከሆነ ቦታ የተቀዳ ውኃ እንዴት እንዲህ ጠራ?»

«አጥርቼ ነው የቀዳሁት።»

«እንዴት?»

ሳፋ ውስጥ ውኃ ሞሉና አሳዪኝ አሉኝ። ቁጢጥ ብዬ በእጄ ጀርባ ገፋ ገፋ አደረግሁና ቀዳሁ። ቀና ስል አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። መጀመሪያ የተቆጡ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነው። ሳቃቸው ግን ወዲያው ቆመ፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እኔም እጄ እንደዚህ ነው» አሉ። «ዋልታ የሄድሁ የመጀመሪያው ቀን ኩሬው ዳር ቁጢጥ ብዬ አረንጓዴውን ገፋሁት። የቡድናችን መሪ ‹ምን እያደረግሽ ነው? የመጣነው ለእሱ እኮ ነው!› ብሎ ጮኸብኝ። እናቴ ከርብ ወንዝ ውኃ ስታስቀዳኝ እንደዚያ ነበር የማደርገው። ያን ሁሉ አገር አቋርጬ ሄጄ እጄ እዚያው ወረታ ነበር።»

«ይቅርታ ዶክተር» አልሁ። እንባዬ መጣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። መርዙ ያለው አረንጓዴው ራሱ ውስጥ ነው፤ ምኑን እንደምትቀጂልኝ አልነገርሁሽም። ተነሺ፤ ነገ ጠዋት አብረን እንሂድ። ከነገ ወዲያ በራሪ ነኝ።»

በማግስቱ በባጃጅ ሄድን። ጥጉ ጋ ስንደርስ ነፋስ ነበር። ማዕበሉ እየመጣ ድንጋዩን ይመታል። አረንጓዴው የለም። ሁሉንም ጠርጎ ወስዶታል። ዶክተር ዘሃራ ጫማቸውን አውልቀው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡ፣ ወዲያ ወዲህ አዩ፣ ተመለሱ።

እኔ ማዶውን ነበር የማየው። ማዶ አይታይም። ጣና ሰፊ ነው፤ ጎርጎራ ከዚህ አትታይም። ግን እዚያ አቅጣጫ እንዳለች አውቃለሁ።

«ደርቆ የቀረስ የለም?» አሉኝ ድንገት። «ድንጋይ ላይ፣ እንጨት ላይ። ፀሐይና ዝናብ ካልነካው መርዙ ብዙ ጊዜ ይቆያል። እኛ ከዋልታው ያመጣነው ደረቅ ነገር በመሳቢያ ከርሞም መርዙ አልጠፋም።»

ያን ጊዜ አያ ደሴ ትዝ አሉኝ። አያ ደሴ ከእኛ ቤት ዝቅ ብለው ዳስ ሠርተው የሚኖሩ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ታንኳ የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዓመት አይሞላም፤ ይጣላል፤ ሌላ ይሠራል። እሳቸው ግን ያረጀውን አይጥሉም። ዳሱ ውስጥ አስገብተው ይተኙበታል።

ሄድን። አያ ደሴ መረብ ይጠግናሉ። ሰላምታ ሰጥተን የመጣንበትን ነገርናቸው።

«አልጋዬን ልትፍቁ?» አሉ።

«ዳር ዳሩን ብቻ ነው፣ አያ» አልሁ።

«ምኑን ነው የምትፈልጉት? ትኋኑን ከሆነ ሙሉውን ውሰዱልኝ።»

ዶክተር ዘሃራ ሳቁ። «ይቺ ታንኳ ከውኃ የወጣችው መቼ ነው?» ብለው ጠየቋቸው።

«አምና ግንቦት። የዚች ልጅ እናት ላም በሞተች ሰሞን ነው፤ ጩኸቱን ሰምቼ ታንኳዬን እዚያው ጥጉ ላይ ትቼ ሮጥሁ። ሦስት ቀን እዚያ አረንጓዴ ውስጥ ተዘፍዝፋ ቆየች። ሳወጣት አልረባችም፤ አስገባኋት። አንቱ ሐኪም ነዎት?»

«የውኃ ሐኪም ነኝ» አሉ ዶክተር።

«እንግዲያ ቶሎ ያድኑልን፤ ዓሣው ሊያልቅ ነው» አሉ አያ ደሴ፣ ፈገግም ሳይሉ።

በታንኳዋ ጎን፣ በደንገሉ መካከል፣ የደረቀ ቀለም የመሰለ አመድማ አረንጓዴ ቅርፊት ነበር። ዶክተር ዘሃራ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው በትንሽ ቢላዋ ፋቁት። ብልቃጡ ግማሽ ሞላ። ከመዝጋታቸው በፊት መሸፈኛውን ትንሽ ዝቅ አድርገው በሩ ጋ ቆሙና ወደ ሐይቁ ዞረው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። ከዚያ ብልቃጡን ከደኑ።

ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ቅርፊቱን በጥቂት ውኃ ዘፍዝፈው፣ አጥልለው፣ ወረቀቱን ነከሩ። አንድ መስመር ወጣ። ጠበቅን። ሁለተኛው አልወጣም። ደግመው በሌላ ወረቀት ሞከሩ። አሁንም አልወጣም።

«አለ። ብዙ አለ» አሉ።

ዘልዬ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም። «እንግዲህ ዶክተር፣ ዳልቻን የገደላት ይህ ነው ብለው ይጻፉልኝ። ማኅተም ካለበት እናቴ ታምናለች።»

«አልጽፍም» አሉ።

«ለምን?»

«ወረቀቱ የሚናገረው ታንኳዋ ላይ ስለደረቀው ነገር ነው። ያን ሰሞን እዚያ ጥግ መርዝ ነበር ብዬ እጽፍልሻለሁ። ላሟን ግን አላየኋትም። ከየት እንደጠጣች አላውቅም። ሾልካ ይሆናል ብለሽኛል፤ ይሆናል ደግሞ አይጻፍም። የሚያውቅ ሰው ካለ እሱ ይናገር።» ቀና ብለው አዩኝ። «አለ?»

«አለ» አልሁ።

ሌላ አልጠየቁኝም። ባለሁለት መስመር ማስታወሻ ጽፈው ሰጡኝ። ደህና ሁኚ ሲሉኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

በዚያው ቀን በባጃጅ ይዤው ቤት ተመለስሁ። እናቴ ደጅ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ማስታወሻውን አነበብሁላት። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፌ «ከሐይቁ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ሾልካ አይደለም። እኔ ነኝ ነድቼ የወሰድኋት፤ ላነብ ብዬ» አልኋት።

እንድትመታኝ ፈልጌ ነበር። አልመታችኝም። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ልጅ የለሽ አልኋት እኮ» አለች።

ስለ ዳልቻ አንድም ቃል አልተናገረችም። «ልጅ የለሽ አልኋት» ብላ ደገመችው። ዓይኗን በእጇ ጠረገችና ሽንኩርቱ ይብስ አቃጠላት።

«ደውይላት» አለችኝ።

«አንቺ ደውይላት፣ እማ።»

«እኔ በምን አፌ?»

ቁጥሩን ነካሁ። ጠራ። ስንት ጊዜ አይቼው ሳልነካ የቀረሁት ቁጥር እንደማንኛውም ቁጥር ጠራ።

«አቤት?» አለች እታበባ።

«እኔ ነኝ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሁላችንም ደህና ነን።» እናቴ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ከዚያ ሳልተነፍስ ሁሉንም ነገርኋት፤ አረንጓዴውን፣ ወረቀቱን፣ የአያ ደሴን አልጋ፣ ከሐይቁ ማጠጣቴን።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ከሐይቁ እንዳጠጣሻት ነዋ። ያን ለት ስትመለሱ አፏ ዙሪያውን አረንጓዴ ነበር። እናትሽ እንዳታይብሽ በቀሚሴ ጫፍ የጠረግሁት እኔ ነኝ።»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? እሷ ያን ሁሉ ስትልሽ!»

«ውኃው ይሁን አተላው እኔ በምን አውቄ? ብቻ ብናገር ቁጣው ወዳንቺ ይዞር ነበር። ሳምንት ሙሉ ለቅሶ ይሆናል፤ ደብተር የሚባል ነገር አይነካም። ፈተናሽ ደርሶ።» ከጀርባዋ የዶሮ ድምፅ ይሰማል። «ይልቅ እሱን ንገሪኝ። ዓመት ሙሉ ማንን ልጠይቅ? አለፍሽ?»

አላወቀችም ነበር። ከእኛ ጋር ከሚነጋገር ሰው አንድም የሚያገኛት አልነበረም። ያን ሁሉ ስድብ ተሸክማ የሄደችበትን ነገር መጨረሻውን አታውቅም።

«አለፍሁ» አልሁ። «ፔዳ ነኝ። ሥነ ሕይወት ነው የምመርጠው።»

እልል አለች። ብቻዋን፣ ማዶ፣ በስልክ ውስጥ። እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ሳታነሣ እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች። «እህቴ» አለች። እልልታው ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። ኔትወርክ ሄደ። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆየች። ደጋግመን ሞከርን፤ አልገባም።

በኋላ ተገናኝተዋል። እናቴ ይቅርታ ጠይቃታለች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ከቤት ወጥቼ ነበር። እታበባ «ጀልባ ሲገኝ፣ ክረምቱ ሳይገባ እመጣለሁ» ብላለች። ጀልባው ግን አንድ ሳምንት ይመጣል፣ አንድ ሳምንት ይቀራል። ሲመጣ ወደብ ላይ ቆሜ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ አያለሁ። እናቴም ቤት ስሄድ ሰላም ከማለቷ በፊት «ምን አለች?» ነው የምትለኝ።

ብዙ ሰዎች ይህን ስነግራቸው «እንዴት ያለች አክስት አለችሽ!» ይሉኛል። እውነት ነው። ግን ስለ እሷ ስኮራ ደስታው ሙሉ አይሆንልኝም። ያን ለት ተቆጥቼ፣ ሳምንት አልቅሼ፣ ዓመቱን ከእሷ ጋር ባሳልፍ ይሻለኝ ነበር እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ፈተናውን ብወድቅስ ኖሮ፣ እላለሁ። መልሱን አላውቀውም። የማውቀው በየቀኑ እንደምትናፍቀኝ ነው። አሁን እንደ ልቤ እደውልላታለሁ፤ ናፍቆቱ ግን በመደወል አልቀነሰም፤ እንዲያውም ድምፅዋን ከሰማሁ በኋላ ይብስብኛል።

ክረምቱ ሳይገባ ነበር ያለችው። ዛሬ ጠዋት ባሕር ዳር ዘነበ።